ስለ ፖሊሶች የመንፈስ ውጥረትና ስለ ማርገቢያው ሥልጠና

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተነገረ፤ ለዚህ ጋዜጣ እንዲመች በመጠኑ ያጠረ)




የዛሬው ንግግራችን አርእስት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ጊዜ ከአንዳንድ ጓደኞቻችን ዘንድ መጀመሪያ የሰማነው ሳቅ ነበር። «ፖሊስ ሌላውን ያስጨንቃል እንጂ እሱ ምን ጭንቀት አለበት?» ያሉን አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ከሳቁ የከበደ ነገር ተናገሩ፤ «ተማሪ ፖሊስ ሲነሣበት ዱላው እንጂ ዕንቅልፉ ትዝ የሚለው ለምንድን ነው?» አሉን። እኛም ይህን ቃል በዋዛ አላለፍነውም። ዛሬ እዚህ የቆምነው ለፖሊስ ጥብቅና ለመቆም አይደለም። ነገር ግን መሣሪያ ታጥቆና ሕግ የሰጠውን ሥልጣን ይዞ በመካከላችን የሚቆም ሰው ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፈ፣ ልቡ እንዴት እንደሚመታ፣ ጆሮው የሚሰማ መሆኑን ወይም አለመሆኑን ማወቅ ከማንም ይልቅ የሚጠቅመው በፊቱ ለሚቆመው ሰው ነው ብለን እናምናለን። ይህም በፊቱ የሚቆመው ሰው ብዙ ጊዜ እኛው ነን።

ስለዚህ ጉዳይ የተደረገው ምርመራ አብዛኛው በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የተደረገ ስለሆነ ምሳሌዎቻችንን ከዚያው እንወስዳለን። የአገራችንን ፖሊስ በሌላ አገር ቍጥር መመዘን ልክ ስላልሆነ ይህን አንሞክረውም። ዓመቶቹንም ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በቅድሚያ ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። «ውጥረት» ስንል በአሳባችን የሚመጣው የከበሮ ቆዳ ወይም የክራር ጅማት ነው። ጅማቱ ሲላላ ድምፅ አይሰጥም፤ በልኩ ሲወጠር ያዜማል፤ ከልክ ሲያልፍ ይበጠሳል። ሮበርት ይርክስና ጆን ዶድሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1908 ዓ.ም. በአይጦች ላይ ባደረጉት ፈተና ያገኙት ነገር ክራር መቺ ሁሉ ከሚያውቀው ብዙ የራቀ አይደለም። አይጦቹ ከሁለት ሣጥኖች አንዱን እንዲመርጡ ተደረገ፤ የተሳሳተውን ሲመርጡ ኤሌክትሪክ ይነካቸው ነበር። ሁለቱ ሣጥኖች በቀላሉ የሚለዩ በሆኑ ጊዜ የኤሌክትሪኩ ብርታት ትምህርታቸውን አፋጠነው። ሣጥኖቹ ለመለየት አስቸጋሪ በሆኑ ጊዜ ግን ብርቱው ኤሌክትሪክ ትምህርታቸውን አዘገየው፤ በዚያን ጊዜ የሚሻለው መካከለኛው ነበር። እንግዲህ ከዚህ የምንይዘው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ቀላል ሥራ ብርቱ ውጥረትን ይችላል፤ ማመዛዘን የሚጠይቅ ሥራ ግን አይችልም። ሌባ አባሮ ለመያዝ መሮጥ ቀላል ሥራ ነው። በጨለማ በር ላይ የቆመው ሰው በእጁ የያዘው ስልክ ነው ወይስ ሽጉጥ ነው ብሎ መለየት ግን ከባድ ሥራ ነው። ፖሊስን የምናሠማራውም ለሁለቱም ነው።

አካላችን አደጋ ባየ ጊዜ ምን እንደሚሆን የሃርቫርዱ ዎልተር ካነን በ1915 ባሳተሙት መጽሐፍ ገልጸውታል። ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት ዕጢዎች አድሬናሊን ወደ ደም ይለቃሉ፤ ልብ ይፈጥናል፤ ጕበት ስኳር ያወጣል፤ ደም ከሆድ ዕቃ ወደ ጡንቻ ይሄዳል፤ የዐይን ብሌን ይሰፋል። ይህ ሁሉ ዝግጅት ለሁለት ነገር ነው፤ ለመታገል ወይም ለመሸሽ። ኋላም በ1936 ሐንስ ሴልዬ በካናዳ ሞንትሪያል ሆነው «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ አንዲት አጭር ደብዳቤ አወጡ። በደብዳቤያቸውም አይጦችን በብርድ ቢያስጨንቁአቸው፣ በቍስል ቢጐዱአቸው፣ ከዐቅም በላይ ቢያደክሙአቸው፣ ልዩ ልዩ መድኃኒት ቢወጉአቸው፣ የጭንቀቱ ዐይነት ቢለያይም የአካላቸው መልስ አንድ ዐይነት ሆኖ መገኘቱን አስታወቁ። መልሱም ሦስት ደረጃ አለው፤ በመጀመሪያ መደንገጥ፣ ቀጥሎ መቋቋም፣ ጭንቀቱ ካልተወ ደግሞ በመጨረሻ መድከምና መውደቅ ነው።

አሁን ፖሊሱን በዚህ ውስጥ አስቀምጡት። አካሉ ለመታገል ወይም ለመሸሽ ተዘጋጅቶለታል፤ ሕጉና ደንቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ይከለክሉታል። ቆሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የሚሰድበውን ሰው «እባክዎ መታወቂያዎን ያሳዩኝ» እንዲል ይጠበቅበታል። ስኳሩም አድሬናሊኑም በደሙ ውስጥ ሳይሠራበት ይቀራል። ከዚያም ለሰዓታት ምንም ሳይሆን መንገድ ዳር ይቆማል፤ ከመሰልቸት በስተቀር ጠላት የለበትም። ቀጥሎ ደግሞ በሬድዮ ይጠራና በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ወደዚያው ከፍታ ይመለሳል። ይህ መውጣትና መውረድ ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ይቀጥላል።

ከፍታው ላይ በደረሰ ጊዜ ስለሚሆነው ነገር አሌክሲስ አርትዎል የተባሉ የሥነ ልቡና ዐዋቂ በ2002 ያሳተሙት ጥናት አለ። ተኩስ ውስጥ የገቡ 157 አሜሪካውያን ፖሊሶችን ጠይቀው ከመቶው 84ቱ ድምፅ ደብዝዞባቸው ወይም ጨርሶ ጠፍቶባቸው እንደ ነበረ፣ 79ኙ ደግሞ ዐይናቸው በአንድ ጠባብ ቀዳዳ እንደሚያይ ሆኖ ዳር ዳሩን እንዳላዩ ተናግረዋል። ጓደኞቻችን፤ ይህን ነገር ጥቂት እናስብበት። «ቁም!» ብሎ የሚጮኸው ፖሊስ የሚመለስለትን ቃል የማይሰማበት ጊዜ አለ ማለት ነው። «እጄን አንሥቻለሁ» ያለው ሰው ድምፅ በመካከላቸው ባለው ሦስት ክንድ አየር ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል።

ይህን ያህል ስለ ተኩስ ከተናገርን በኋላ ግን አንድ ያልጠበቅነውን ነገር ልንነግራችሁ ይገባል። እኛም እንደ እናንተ የፖሊስ ውጥረት ዋና ምንጭ ጥይትና ወንበዴ ይመስለን ነበር። ዊልያም ክሮስና ባልደረቦቻቸው ግን በ1974 ባሳተሙት ምርመራ በሲንሲናቲ ከተማ 100 ፖሊሶችን «በሥራህ ላይ የሚያስጨንቅህ ምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቁአቸው አደጋን በመጀመሪያ የጠራ እምብዛም አልተገኘም። የተጠሩት የፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ የአለቆች አስተዳደር፣ የማይረባ የሥራ መሣሪያ፣ ከሕዝብ ጋር ያለ ግንኙነትና የተራ መለዋወጥ ነበሩ። ሌሊቱን ሲጠብቅ ያደረው ሰው ጧት ለምስክርነት ይጠራል፤ በፍርድ ቤት አግዳሚ ላይ እያንቀላፋ ይውልና ቀጠሮው ለሌላ ቀን ተላልፎ ይመለሳል። አለቃው ስለ ሠራው በጎ ሥራ አንድ ቃል አይናገረውም፤ ስለ አንድ የጐደለ ቍልፍ ግን በጽሑፍ ይገሥጸዋል። ቢሮ ሠርቶ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ሳይተረጐምለት የሚያውቀው ይመስለናል።

በተለይ በዕንቅልፍ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ምክንያቱም በዚህ ጥናት ውስጥ የተማሪን ቤት በቀጥታ የሚያንኳኳው ክፍል ይህ ሆኖ አግኝተነዋል። ሻንታ ራጃራትናም የተባሉ ሊቅና ባልደረቦቻቸው በ2011 በአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት በዩናይትድ ስቴትስና በካናዳ 4,957 ፖሊሶችን መርምረው ከመቶ 40 የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ዐይነት የዕንቅልፍ ሕመም ምልክት እንዳለባቸው ደረሱበት። ይህ ብቻ ቢሆን ጉዳዩ የሐኪምና የበሽተኛ ነገር ሆኖ በቀረ ነበር። ግን እነዚያው ሰዎች ከዚያ በኋላ በየወሩ ሲጠየቁ፣ ዕንቅልፋቸው ከታወከባቸው መካከል በተጠርጣሪ ላይ ወይም በሌላ ሰው ላይ መቈጣጠር የማይቻል ቁጣ የተቈጡት፣ ሕዝብ አቤቱታ ያቀረበባቸው፣ በድካም ምክንያት በሥራቸው ከባድ ስሕተት የሠሩት፣ መኪና ሲነዱ ያንቀላፉት ከሌሎቹ በዝተው ተገኙ። እንግዲህ ያ «ዱላው እንጂ ዕንቅልፉ ለምን ትዝ ይላችኋል» ያለን ጓደኛችን መልሱን እዚህ ያገኛል። ሁለቱ የማይገናኙ ነገሮች አይደሉም።

ጤናቸውን በተመለከተ በባፋሎ ከተማ ጆን ቫዮላንቲ የሚመሩት ረዥም ምርመራ አለ። በ2009 ከወጡት ጽሑፎቹ አንዱ በእኩለ ሌሊት ተራ የሚሠሩና ከ6 ሰዓት በታች የሚተኙ ፖሊሶች የደም ግፊት፣ የሆድ ውፍረትና የስኳር መዛባት በአንድነት እንደሚበዛባቸው አሳይቷል። ይህን ያህል ይበቃናል፤ ዝርዝሩ የሐኪሞች ነው።

አሁን ወደ ሥልጠናው እንምጣ።

ከሁሉ የሚያረጀው ዘዴ ጡንቻን ማላላት ነው። ኤድመንድ ጃኮብሰን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም በ1929 ባሳተሙት መጽሐፍ ያስተማሩት፣ ሰው እጁን፣ ትከሻውን፣ መንጋጋውን በየተራ አጥብቆ ጨብጦ ቀስ ብሎ ሲለቅ ልቡናውም አብሮ እንደሚረጋ ነው። ሁለተኛው እስትንፋስን መቈጣጠር ነው። አራት እስኪቈጠር ወደ ውስጥ መሳብ፣ አራት እስኪቈጠር መያዝ፣ አራት እስኪቈጠር ማውጣት፣ አራት እስኪቈጠር ባዶውን መቆየት። ይህ ነገር ምትሐት አይደለም። አየር ስናስወጣ ልብ በጥቂቱ ይዘገያል፤ ይህንንም የሚያደርገው ከአንጎል ወርዶ በአንገት በኩል ወደ ልብና ወደ ሆድ የሚዘረጋው ቫገስ የሚባለው ነርቭ ነው። ልባችንን «ቀስ በል» ብለን ልናዝዘው አንችልም፤ እስትንፋሳችንን ግን እናዝዛለን፤ ልብም ይከተላል። ፖሊሱ ይህን በመኪና ውስጥ ሳለ፣ ወደ ተጠራበት ቤት ሳይደርስ ሊያደርገው ይችላል። ማንም አያይበትም፤ ይህም እንደምታውቁት ለወንድነቱ ለሚጨነቅ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። (ከፈተና በፊት ሞክሩት፤ እኛ ሞክረነዋል፤ ያላነበብነውን ግን አላስታወሰንም።)

ሦስተኛው ጆን ካባት ዚን በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ቤት ከጀመሩት የመጣ ነው። ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸውን በሽተኞች ለ8 ሳምንት እየሰበሰቡ ልቡናቸውን ባሉበት ጊዜና ቦታ ላይ እንዲያሳርፉ፣ የሚመጣባቸውን አሳብና ስሜት ሳይሸሹና ሳይታገሉ እንዲመለከቱት አስተማሩ። በኦሬገን ክፍለ ግዛት በሂልስቦሮ ከተማ የሚሠራ አንድ የፖሊስ መኮንን ይህን ወደ ባልደረቦቹ ለማምጣት ተነሣሣ፤ በፓስፊክ ዩኒቨርሲቲ ካሉ የሥነ ልቡና መምህራን ጋርም ሆነው ትምህርቱን ለፖሊስ በሚስማማ መንገድ አዘጋጁት። ቋንቋውን ለወጡት፤ ምሳሌዎቹን ከጥበቃ ሥራ ወሰዱ።

በ2018 የወጣው ጥናታቸው 61 ፖሊሶችን በዕጣ ከሁለት ከፍሎ አንዱን ወገን አስተማረ፤ ሌላውን እንዳለ ተወው። ትምህርቱ ባለቀ ጊዜ የተማሩት የዕንቅልፍ መታወክ፣ ድካምና የመሰልቸት ስሜት፣ የጥል ዝንባሌ ቀንሶላቸው ተገኘ። እዚህ ላይ ብናቆም ጥሩ ዜና ይሆን ነበር። ግን ከ3 ወር በኋላ ተመልሰው ቢጠይቁአቸው የተገኘው ጥቅም አልቈየም። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ይህን ሳይደብቁ ጽፈዋል፤ ስለዚህም እናከብራቸዋለን። ታዲያ ምን ያስገርማል? ሰውየው ስምንት ሳምንት ሲማር የቈየውን ይዞ የተመለሰው ወደዚያው ተራ፣ ወደዚያው አለቃ፣ ወደዚያው የፍርድ ቤት አግዳሚ ነው። የረጠበ ልብስ አስጥቶ መልሶ ዝናብ ላይ እንደ ማዋል ይሆናል።

ሌላው የልብን ደስ የሚያሰኝ ፈተና በስዊድን አገር በስቶክሆልም ከተማ ተደርጓል። ቤንግት አርኔትስና ባልደረቦቻቸው በ2009 ያሳተሙት ነው። 18 አዲስ ፖሊሶች ተወሰዱ፤ ግማሾቹ ለ10 ሳምንት ልዩ ትምህርት ተሰጣቸው። ትምህርቱ ዐይን ጨፍኖ መቀመጥ ብቻ አልነበረም፤ አካላቸውን ካላሉ በኋላ ልምድ ያላቸው ፖሊሶች ከባድ ናቸው ያሉአቸውን ዐይነት አጋጣሚዎች በአሳባቸው አንድ በአንድ እየሣሉ፣ በዚያ ውስጥ መልካም አድርጎ መሥራትን በልባቸው ይለማመዱ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ሁሉም እንደ እውነት ተደርጎ በተዘጋጀ አደጋ ውስጥ እንዲያልፉ ተደረገ። የተማሩት ልባቸው ያነሰ ፈጠነ፤ መንፈሳቸው ያነሰ ታወከ፤ ሥራቸውንም ሲመለከቱ የነበሩት ዳኞች የተሻለ ነው ብለው መሰከሩ። 18 ሰው ጥቂት ነው፤ ይህን አንዘነጋም። ነገር ግን ከአንድ ዓመት በኋላ የሚታይ ነገር ማግኘታቸው ከሌሎቹ ይለየዋል። ምክንያቱም በእኛ ግምት ይህ ነው፤ የሂልስቦሮው ትምህርት «እንዴት ትረጋጋለህ?» የሚል ሲሆን የስቶክሆልሙ ግን «ይህን ሥራ እንዴት ትሠራዋለህ?» የሚልም ጨምሮበታል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከማያውቀው ያነሰ ይጨነቃል። መርከበኛን ከማዕበል ፍርሃት የሚያድነው መዋኘትን ማወቁ እንጂ ማዕበሉ የለም ብሎ ራሱን ማሳመኑ አይደለም።

ይህ አሳብ አዲስ አይደለም። በ1967 ሞርተን ባርድ የተባሉ የኒው ዮርክ ከተማ ኮሌጅ መምህር በምዕራብ ሐርለም በ30ኛው ፖሊስ ጣቢያ 18 ፈቃደኞች፣ ግማሾቹን ነጮች ግማሾቹን ጥቁሮች አድርገው መርጠው 160 ሰዓት የፈጀ ትምህርት ሰጡአቸው። የትምህርቱ ርእስ የባልና የሚስት ጠብ ነበር! ፖሊስ በጣም የሚፈራው ጥሪ ከቤት ውስጥ የሚመጣው ነውና። ሁለቱን ወገን ለየብቻ እንዴት እንደሚያነጋግሩ፣ ማን ወዴት እንደሚቀመጥ፣ የተቈጣን ሰው እንዴት እንደሚያስወጡት ተማሩ። «ጭንቀትን ማርገብ» የሚል ስም አልነበረውም፤ ሆኖም ሰውየው በሩን ሲያንኳኳ ቀጥሎ የሚያደርገውን እንዲያውቅ አድርጎታል። በአገራችን ሽማግሌ ሁለት የተጣሉ ሰዎችን ሲያስታርቅ ያየ ሰው የባርድን ትምህርት ቢያነብ ብዙ ነገር እንግዳ አይሆንበትም።

ስለ አንድ ሌላ ዘዴ ደግሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት ግዴታችን ነው፤ ምክንያቱም በየስፍራው በጣም ተሠራጭቶ ነበር። በ1983 ጄፍሪ ሚቸል የተባሉ አሜሪካዊ፣ እሳት አጥፊዎችና መሰሎቻቸው ክፉ አደጋ ካዩ በኋላ ወዲያው ተሰብስበው ያዩትንና የተሰማቸውን እንዲናገሩ የሚያደርግ ሥርዓት አወጡ። ፖሊሶችም ተቀበሉት። አሳቡ መልካም ይመስላል፤ የታመቀ ነገር ይውጣ ነው። ግን በ2002 ስለ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚደረግ የዚህ ዐይነት ንግግር የተሠሩትን ጥናቶች በሙሉ የመረመሩ ሐኪሞች በኋላ የሚመጣውን ሕመም እንደማያስቀር፣ አልፎ አልፎም እንደሚያባብስ ጻፉ።

ይህን ስናነብ ከመካከላችን አንዱ ያነሣውን ነገር ለእናንተም እናካፍል። በአገራችን ሞትን ያየ ሰው ብቻውን ቤቱ አይገባም። ጎረቤት ይመጣል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ንፍሮ ይቀርባል፤ ሦስት ቀን ይቀመጣል። ይህ ማለት ግን «ንገረን፣ ምን ተሰማህ?» ተብሎ ይመረመራል ማለት አይደለም። ዝም ብሎ ከጎኑ የሚቀመጥ ይበዛል። መናገር የፈለገ ይናገራል፤ ያልፈለገ ደግሞ መሬት መሬት ሲያይ ቢውል ማንም አይፈርድበትም። የሟቹን ሬሳ ከመኪና ሥር ያወጣው ፖሊስ ግን ለቅሶ ተቀማጭ አይደለም፤ የሚጠይቀው ጎረቤት የለም፤ በማግሥቱ ሌላ ሬሳ ይጠብቀዋል። ለዚህ ሰው የሚያስፈልገው የአንድ ሰዓት ግዳጅ ንግግር ሳይሆን ሳይጠየቅ ከጎኑ የሚቀመጥ ባልደረባ ሳይሆን አይቀርም። አሁን በብዙ አገር ፖሊሶች መካከል ከራሳቸው ውስጥ የተመረጡና ለዚህ የሠለጠኑ ባልደረቦች የሚመደቡት ይህን በመገንዘብ ይመስለናል።

እዚህ ላይ ትልቁ እንቅፋት ገንዘብ አይደለም፤ እፍረትና ፍርሃት ነው። «ተጨንቄአለሁ» ያለ ፖሊስ ሽጉጡን ተቀብለው ከጠረጴዛ ሥራ ላይ ያስቀምጡኛል ብሎ ይሰጋል፤ ዕድገቱም ይቀርብኛል ብሎ ይፈራል፤ ባልደረቦቹም ይስቁበታል። የሎስ አንጀለስ ፖሊስ በ1968 ማርቲን ራይዘር የተባሉትን የሥነ ልቡና ዐዋቂ በሙሉ ጊዜ ሲቀጥር ይህ ነገር ተጀመረ ይባላል፤ ሆኖም ሃምሳ ዓመት ካለፈ በኋላ እንኳ እፍረቱ አልጠፋም። በ2019 በኒው ዮርክ ከተማ 10 ፖሊሶች በአንድ ዓመት ውስጥ ራሳቸውን ገድለዋል። ከዚያ በፊት በ2018 የአሜሪካ መንግሥት ስለ ፖሊሶች የአእምሮ ጤና አንድ ሕግ አውጥቶ ነበር። ሕግ ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ የሰው ምስጢር እንደማይወጣ ማሳመን ሌላ ነገር ነው። ምስጢሩ ለአለቃው የሚደርስ ከሆነ ማንም ፖሊስ አፉን አይከፍትም፤ እኛም በቦታው ብንሆን አንከፍትም።

አሁን ደግሞ በጥናት ቡድናችን ውስጥ ብዙ ያከራከረንን ጥያቄ ወደ እናንተ እናምጣ። አንዱ ወገን እንዲህ አለ፤ «ፖሊሱ ፍትሕ የጐደለው ትእዛዝ ቢታዘዝ፣ ይህ ሥልጠና የሚያደርገው ያንኑ በደል በረጋ ልብ እንዲፈጽመው ነው። እጁ የማይንቀጠቀጥ በዳይ ከሚንቀጠቀጠው ይብሳል።» ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። እኛም ሥልጠናው የፍትሕን ቦታ ይተካል አንልም። እስትንፋስን መቍጠር ክፉ ትእዛዝን መልካም አያደርገውም። ሁለተኛም «ውጥረት ስለ ነበረበት ነው» የሚለው ቃል ሰው ለመታ ፖሊስ ይቅርታ ማስገኛ እንዲሆን አንፈቅድም፤ ምክንያትን ማወቅና ጥፋተኛን መልቀቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሐኪም የወባን ምክንያት ቢያውቅ ወባን ይቅር አላላትም።

ነገር ግን ተከራካሪያችን አንድ ነገር የዘነጋ ይመስለናል። በመንገድ ላይ የሚደርሰው በደል ሁሉ ከላይ በመጣ ትእዛዝ አይደለም። ብዙው የሚሠራው ማንም ሳያዝዝ፣ በአንዲት ደቂቃ ውስጥ፣ ሁለት ሌሊት ባልተኛ፣ ባልሰማ፣ ዳር ዳሩን ባላየ ሰው እጅ ነው። ይህን ሁለተኛውን ዐይነት የሚቀንስ መንገድ ካለ የመጀመሪያው ስላልተፈታ ብቻ ልንንቀው አይገባም። ደግሞም የረጋ ሰው የታዘዘውን ለማመዛዘን ጊዜ ያገኛል፤ የደነገጠ ሰው ይህን ጊዜ አያገኝም። ይህ የእኛ እምነት ነው፤ በቍጥር ልናረጋግጠው አንችልም፤ ከጉባኤው ብዙዎቻችሁ እንደማትቀበሉት እንጠብቃለን።

ይልቁንስ የእኛ ቅሬታ ከሌላ በኩል ነው። በ2012 ጆርጅ ፓተርሰንና ባልደረቦቻቸው ለፖሊሶች ስለሚሰጠው የውጥረት ማርገቢያ ሥልጠና እስከዚያ ጊዜ የተደረጉትን ፈተናዎች ሰብስበው መርምረው፣ መመዘኛቸውን ያለፉት 12 ጥናቶች ብቻ ሆነው አገኙ፤ ሥልጠናው ይጠቅማል ለማለት የሚያበቃ ብርቱ ማስረጃም አላገኙባቸውም። ከእኛ ንባብ እንደምንረዳው ደግሞ አብዛኞቹ ፈተናዎች የሚጠይቁት ፖሊሱን ራሱን ነው፤ «እንዴት ነህ? ተሻለህ?» ይሉታል። በፊቱ የቆመውን ሰው የሚጠይቅ ጥናት ግን ጥቂት ነው። ሥልጠናው ከተሰጠ በኋላ አቤቱታው ቀንሷል ወይ? በእስር ቤት የሚመጣው ሰው ቍስሉ ያነሰ ነው ወይ? ለእኛ ዋናው መለኪያ ይህ ሊሆን ይገባ ነበር።

ሁለተኛው ቅሬታችን ሥልጠናው ለአለቆች ርካሽ መሸሻ እንዳይሆን ነው። ፖሊሱን ለሁለት ቀን ሰብስቦ እስትንፋስ ማስተማር፣ የተራውን ሰሌዳ ከማሻሻል ይቀላል። ፖሊሱም ቢታመም «አሠልጥነንህ ነበር» ይባላል፤ ጥፋቱ ወደ እሱ ይዞራል። የሲንሲናቲዎቹ መቶ ሰዎች የተናገሩትን አስታውሱ፤ የከበዳቸው ነገር አብዛኛው በአንድ ጥሩ አስተዳዳሪ ብዕር ሊቃለል የሚችል ነበር።

ይህም ቃል ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ ፈተና እንጥቀስና እንጨርስ። ካረን አሜንዶላና ባልደረቦቻቸው በ2011 ባወጡት ጥናት በዲትሮይትና በቴክሳስ በአርሊንግተን ከተማ የሚሠሩ ፖሊሶችን በዕጣ በሦስት ከፍለው አንዱን ወገን በቀን 8 ሰዓት፣ ሁለተኛውን 10 ሰዓት፣ ሦስተኛውን 12 ሰዓት አሠሩአቸው። 10 ሰዓት የሚሠሩት በሳምንት የሚሠሩበት ቀን ያነሰ ሆነ። እነዚህ ባለ 10 ሰዓቶች ባለ 8 ሰዓቶቹ ከሚተኙት በየሌሊቱ ከግማሽ ሰዓት የሚበልጥ ዕንቅልፍ አገኙ፤ ትርፍ ሰዓት የሚሠሩትም በጣም ቀነሰ። ባለ 12 ሰዓቶቹ ግን በሥራ ላይ ሳሉ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላቸው፣ ንቃታቸውም ይቀንስ ነበር። አሠልጣኝ አልተቀጠረም፤ አዳራሽም አልተከራየም። የተለወጠው በግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የተራ ሰሌዳ ነበር።

ከመምህራኖቻችን መካከል ስለ አገራችን ፖሊስ የሥራ ሰዓትና ዕረፍት የተጻፈ ነገር ያላችሁ ብታውሱን በምስጋና እንቀበላለን። አሁን ለጥያቄ ዝግጁ ነን።